ለገጠር ቀበሌ የትኛው የጤና ቴክኖሎጂ ይሻላል? ለጎጃም ወረዳዎች የተዘጋጀ የንጽጽር መመሪያ

በምሥራቅ ጎጃም ወደ አባይ በሚወርድ አንድ ቀበሌ፣ የቤተሰብ ማኅደር በሚቀመጥበት የብረት ቁም ሣጥን ላይኛው መደርደሪያ ላይ፣ በፌስታል የተጠቀለለ ታብሌት አይቻለሁ። ጤና ኬላው ከገባ ሁለት ዓመት አልፎታል፤ ቻርጀሩ ከተበላሸ ደግሞ ከዓመት በላይ ሆኖታል። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ከቁም ሣጥኑ ፊት ለፊት ተቀምጣ የወሩን ሪፖርት በእስክሪብቶ ትሞላ ነበር። ከኬላው በታች ባሉት ሁለት ጎጦች ኔትወርክ ስለማይይዝ፣ አንዲት እናት ምጥ ሲይዛት አንድ ጎረምሳ ዳገቱን ሮጦ ይወጣና ከሾላው ሥር ቆሞ ይደውላል። ታብሌቱን የላከው ወገን በቅን ልብ እንደላከው አልጠራጠርም፤ ያን ጊዜ ግን ቀበሌውን የቸገረው ዳገቱ ነበር።

ይህን የምጽፈው በተለይ ለሁለት ወገኖች ነው። የመጀመሪያዎቹ አነስተኛ በጀት ይዘው ‹ከዚህ ሁሉ የቱን እናስቀድም?› የሚሉ የወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ኃላፊዎችና የቀበሌ ምክር ቤት አባላት ናቸው። ሁለተኛዎቹ አዲስ አበባ፣ ባሕር ዳር ወይም ባሕር ማዶ ሆነው ለተወለዱበት ቀበሌ ገንዘብ የሚያዋጡና ‹ምን ገዝተን እንላክላቸው?› ብለው የሚጠይቁ የአካባቢው ተወላጆች ናቸው። የማወዳድራቸው አማራጮች የተደራጀ የስልክ ጥሪ፣ የድምፅ መልእክት፣ በታብሌት የሚያዝ የቤተሰብ መረጃ፣ አነስተኛ የምርመራና የማቀዝቀዣ መሣሪያዎች፣ እንዲሁም ጤና ጣቢያን ከሆስፒታል ሐኪም ጋር በርቀት ማገናኘት ናቸው። ለሁሉም እኩል ቦታ አልሰጠሁም፤ በእኔ እይታ የሚያስገኙት ጥቅም እኩል አይደለምና።

መዘግየቱ የቱ ላይ ነው?

በእናቶች ጤና ላይ የሚሠሩ ባለሙያዎች ለሞት የሚዳርጉ እንቅፋቶችን ‹ሦስቱ መዘግየቶች› ብለው ይከፍሏቸዋል። የመጀመሪያው ቤት ውስጥ የሚደርሰው ነው፤ የአደጋውን ምልክት ባለማወቅ፣ ባል ገበያ ወርዶ የሚወስን ሰው በመጥፋቱ ወይም ‹እስኪ ትንሽ እንየው› በመባሉ ወደ ሕክምና የመሄዱ ውሳኔ ይዘገያል። ሁለተኛው የመንገዱ ነው፤ እንሂድ ተብሎ ተወስኖ ሳለ የሚያደርስ ይታጣል። ሦስተኛው ከተደረሰ በኋላ ያለው ነው፤ ጤና ጣቢያው በር ላይ ተደርሶ ባለሙያው፣ መድኃኒቱ ወይም ደሙ አይገኝም። አከፋፈሉ ለወሊድ የተበጀ ቢሆንም፣ የሳንባ ምች ለያዘው ሕፃንም ሆነ ክረምቱ ወጥቶ ወባ ለሚጥለው የቆላ ገበሬ ይሠራል። አንድ መሣሪያ አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳጥረው ከሦስቱ አንዱን ብቻ ስለሆነ፣ በቀበሌው የበረታው መዘግየት የትኛው እንደሆነ ሳይታወቅ የሚገዛ ዕቃ ምንም ያህል ዘመናዊ ቢሆን ቁም ሣጥን ላይ የማደሩ ዕድል ሰፊ ነው።

ሌላው መለኪያዬ ዕቃው የሚያርፍበት ትከሻ ነው። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየቀበሌው ሁለት ሴት ባለሙያዎች እንዲመደቡ አድርጓል። አንድ ጤና ኬላ ከ3,000 እስከ 5,000 ሰው፣ አምስት ኬላዎችን የሚደግፍ አንድ ጤና ጣቢያ እስከ 25,000 ሰው፣ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ደግሞ ከ60,000 እስከ 100,000 ሰው እንዲያገለግል ታስቦ ነው ሥርዓቱ የተዋቀረው። ባለሙያዋ ወደ ጎጥ ስትወጣ የክትባት መያዣ ሣጥኗን፣ የወባ መመርመሪያዋን፣ የሕፃናት ክንድ መለኪያዋንና መዝገቧን ይዛ ነው፤ መንገዱም ቀላል አይደለም። ስለዚህ ስለ ማንኛውም አማራጭ አስቀድሜ የምጠይቀው ከዚህ ሸክም ላይ ምን እንደሚያነሳላት ነው። የሚጨምርባት ከሆነ፣ በሌላው መለኪያ ሁሉ ጥሩ ቢሆንም አልመርጠውም።

ከመግዛት በፊት ቀበሌውን በእግር መዞር

ጎጃምን አባይ በሦስት ወገን ይከባታል። ደጀን፣ ሸበል በረንታ፣ እናርጅ እናውጋ፣ ባሶ ሊበንና ሌሎችም ወረዳዎች አንድ እግራቸው ደጋው ላይ፣ ሌላው ገደሉ ውስጥ ነው። የኔትወርክ ማማ ደጋው አፋፍ ላይ ቆሞ ሜዳውን ሲያዳርስ፣ ከአፋፉ ሥር ያለው ጎጥ ማማው በዓይን ሊታይ በማይችልበት ጥላ ውስጥ ይቀራል። በካርታ ላይ ‹ሽፋን አለ› የተባለ ቀበሌ ውስጥ ግማሹ ሰው ለመደወል ዳገት የሚወጣው በዚህ ምክንያት ነው። እንግዲህ ካርታውን ማመን አይገባም። በእጅ ያለውን ርካሽ ባለ ቁልፍ ስልክ ይዞ እያንዳንዱን ጎጥ መዞር፣ ከቤት ውስጥ፣ ከደጅ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥርና ከትምህርት ቤቱ መደወል፣ የተሳካውንና ያልተሳካውንም መጻፍ የሁለት ቀን ሥራ ነው። የስማርት ስልክ ሙከራ ለዚህ አይሆንም፤ የጎጡ ነዋሪ የሚይዘው እሱን አይደለምና።

መብራትም እንዲሁ ነው። የፀሐይ ኃይል ያለው ኬላ በጥርና በየካቲት ምንም አይጎድለው ይሆናል፤ በሐምሌ ደመና ግን ያው ፓኔል መብራቱንና ስልኩን ብቻ ለመቻል ይቸገራል። ስለዚህ ፍተሻው በክረምት ቢደረግ ይመረጣል፤ በበጋ ከተደረገም ውጤቱ የበጋ ውጤት መሆኑ ተጽፎ ይያዝ። በተጨማሪም ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ወራት ተቋርጦ እንደነበረ ሁላችንም እናስታውሳለን። ከዚያ ወዲህ፣ ያለ ኢንተርኔት አንድ ሳምንት መቆየት የማይችል ሥርዓት ለኬላ እንዲገዛ የሚቀርብ ሐሳብ ሲመጣ ያለማመንታት እቃወማለሁ።

የተደራጀ የስልክ ጥሪ

ብዙዎች ይህን እንደ ቴክኖሎጂ አይቆጥሩትም፤ የሚመረቅ ዕቃ የለውም፣ ፎቶ የሚነሡበትም ነገር የለውም። እኔ ግን ከሁሉ አስቀድመዋለሁ። አሠራሩ ይህ ነው፦ በየጎጡ ቀን ከሌት የምትገኝ አንዲት ሴት ወይም አንድ አባወራ ይመረጣል፤ ካርድ የተሞላበት ባለ ቁልፍ ስልክ ይሰጠዋል፤ ኔትወርክ ከማይይዝበት ጎጥ ደግሞ ኔትወርክ ከሚይዝበት አቅራቢያ ያለ ቤት ይመረጣል። ከዚያ ስልክ የሚደወልላቸው ሦስት ቁጥሮች ብቻ ናቸው፦ የኤክስቴንሽን ባለሙያዋ፣ የጤና ጣቢያው ተረኛና የአምቡላንሱ ሹፌር። እድሩ ደግሞ የወሳንሳ ተራ ያወጣል፤ እነማን እንደሚሸከሙና ወሳንሳው ከመኪናው ጋር የት እንደሚገናኝ አስቀድሞ ይታወቃል።

ብልሽቱ የሚጀምረው ከጥቃቅን ነገሮች ነው። ብዙ ጊዜ የጤና ጣቢያው ቁጥር ተብሎ የሚበተነው የአንዲት አዋላጅ ነርስ የግል ቁጥር ነው። እሷ ፈቃድ ስትወጣ ወይም ስትዛወር ቁጥሩም አብሯት ይሄዳል። አንድ ሌሊት እኔ ራሴ የታመመ ዘመድ ይዤ የደወልኩለት ቁጥር፣ ከሦስት ወር በፊት ወደ ሌላ ዞን የተዛወረች ባለሙያ አነሣችው፤ ከእንቅልፏ ተነሥታ ሌላ ቁጥር ልትፈልግልኝ ስትጥር የሰማሁት የድምፅዋ ጭንቀት እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም። ስለዚህ ቁጥሩ የተቋሙ እንጂ የግለሰብ እንዳይሆን፣ ስልኩም ከተረኛ ወደ ተረኛ በፊርማ እንዲሸጋገር ማድረግ ከማንኛውም ሶፍትዌር የሚቀድም ነው። ነዳጅም እንዲሁ፤ አምቡላንሱ ነዳጅ አጥቶ ከቆመ ወይም ለሌላ ጉዳይ ከተላከ፣ የጥሪው ሰንሰለት የሚያደርሰው ከባዶ ግቢ ነው።

ከዚህ ጋር አንድ ደብተር ያስፈልጋል። ደብተሩ የሚይዘው አራት ነገር ነው፤ የተደወለበት ሰዓት፣ መኪናው የተነሣበት ሰዓት፣ የተገናኙበት ሰዓትና ጤና ጣቢያ የተደረሰበት ሰዓት። ለምሳሌ ሌሊት 7 ሰዓት ተደውሎ መኪናው 8 ሰዓት ከ20 ላይ ከተነሣ፣ ችግሩ ያለው ከወረዳው ግቢ ውስጥ እንጂ ከመንገዱ አይደለም። መኪናው ወዲያው ተነሥቶ ሁለት ሰዓት መንገድ ላይ ከፈጀ ደግሞ መፍትሔው ዘጠነኛ ወሯ የገባ እናት ቀድማ ወደ እናቶች ማቆያ እንድትመጣ ማድረግ ነው። ከወሊድ በኋላ የሚከሰት ከባድ ደም መፍሰስ በሁለት ሰዓት ውስጥ ነፍስ ሊያጠፋ ስለሚችል፣ የእነዚህ ደቂቃዎች መጻፍ የቢሮ ሥራ ሊመስል አይገባውም። ሦስት ወር የተያዘ ደብተር ቀጥሎ ምን መግዛት እንዳለበት ከማንኛውም አማካሪ በተሻለ ይነግራል።

የድምፅ መልእክት ወይስ የጽሑፍ?

ከሁለቱ ለገጠር የሚሻለው ድምፅ ነው። ብዙ እናቶች ፊደል አልቆጠሩም፤ የቆጠሩትም ቢሆኑ በእጃቸው ያለው አሮጌ ባለ ቁልፍ ስልክ የግእዝ ፊደልን በባዶ ሣጥን ይተካዋል፤ በላቲን ፊደል የተጻፈ አማርኛ ደግሞ ለአንባቢውም ያስቸግራል። አርሶ አደሩ በድምፅ መስመር መጠቀም እንደማይከብደው አስቀድሞ ታይቷል። በ2006 ዓ.ም. የተከፈተው 8028 የተባለው የግብርና የስልክ መስመር፣ ደዋዩ ቁጥር እየተጫነ በራሱ ቋንቋ ስለ ሰብሉ ምክር እንዲሰማ የሚያደርግ ነው፤ ለእርግዝና ክትትል፣ ለክትባት ቀንና ለአደጋ ምልክቶችም ያው መንገድ ይሠራል። በአዊ ዞን ከሆነ መልእክቱ በአዊኛ መቀዳት አለበት። አማርኛ በሚነገርባቸው አካባቢዎችም ቢሆን፣ በከተማ ድምፅ ከተቀዳ ማስታወቂያ ይልቅ የራሳቸው ቀበሌ ባለሙያ ድምፅ ይበልጥ ይደመጣል፤ ‹ይቺማ የእኛዋ ናት› ብለው ጎረቤት ጠርተው ያሰማሉ።

ሰዓቱም ይታሰብበት። ረፋድ ላይ የሚላክ መልእክት ስልኩን እርሻ ላይ ያገኘዋል። ከብት ከገባ፣ እሳት ከተነደደ በኋላ ያለው ጊዜ ቤተሰቡ አንድ ላይ የሚሆንበት ስለሆነ፣ ያኔ የሚደርስ መልእክት በባልም በአማትም ጆሮ ይገባል፤ የመጀመሪያው መዘግየት የሚያጥረውም እነዚህ ሰዎች ሲሰሙ ነው።

ይሁን እንጂ ብዙ ጊዜ ችላ የሚባል አንድ አደጋ እዚህ ላይ አለ። የቤቱ ስልክ አብዛኛውን ጊዜ በባል ኪስ ነው። ከባሏ ተደብቃ የሦስት ወር መርፌ የምትወስድ ሴት ጥቂት አይደለችም። ‹ወ/ሮ እገሊት፣ የመርፌ ቀጠሮዎ ደርሷል› የሚል መልእክት ለእንዲህ ያለችው ሴት እርዳታ አይሆንም፤ ለዱላ ሊዳርጋት ይችላል። የኤች አይ ቪ ሕክምና ለሚከታተልም ሰው ነገሩ ከዚህ አይለይም። ስለዚህ በምዝገባ ቀን ባለሙያዋ እናቲቱን ለብቻዋ ‹መልእክት በማን ስልክ ይምጣልሽ? ባይመጣስ ይሻልሻል?› ብላ መጠየቅ አለባት። የሚላከውም መልእክት ስምና የአገልግሎት ዓይነት የሌለበት፣ ‹በዚህ ሳምንት ወደ ኬላ ብቅ በሉ› የሚል አጠቃላይ ጥሪ ብቻ ይሁን። ይህን መቀበል ያቃተው ሥርዓት በነፃ ቢሰጥም አይወሰድ።

የድምፅ መልእክት የሚያሳጥረው የቤቱን መዘግየት ብቻ መሆኑን ደግሞ ልብ ማለት ያሻል። ሰውን ‹ምልክቱን ስታዩ ቶሎ ኑ› ብሎ ቀስቅሶ፣ ሲመጣ አምቡላንስም ባለሙያም ማሳጣት እምነትን ያሳጣል፤ አንዴ የጠፋ እምነት ደግሞ በመልእክት አይመለስም። ስለዚህ ከተደራጀው ጥሪ በኋላ እንጂ በፊት አይምጣ።

ታብሌትና የቤተሰብ መረጃ

ጤና ሚኒስቴር ለኬላዎች ያስፋፋው የኤሌክትሮኒክ የማኅበረሰብ ጤና መረጃ ሥርዓት፣ ባለሙያዎቹ በአጭሩ ኢቺስ የሚሉት፣ የቤተሰብ ማኅደሩን ከወረቀት ወደ ታብሌት የሚያዛውር ነው። ያለ ኔትወርክ ይሠራል፤ መረጃው መሣሪያው ላይ ይቀመጥና ኔትወርክ ሲገኝ ይላካል። ይህ ለጎጃም ቆላ ትልቅ ነገር ነው። ሁለተኛው ጥቅሙ የቀሩትን ሰዎች ስም ማውጣቱ ነው፤ ክትባት ያቋረጠው ሕፃን የማን ልጅ እንደሆነ፣ የእርግዝና ክትትል የቀረባት እናት የት ጎጥ እንዳለች ለማወቅ እስከ አንድ ሺህ የሚደርስ የቤተሰብ ማኅደር ማገላበጥ ይቀራል። ነገ የት ጎጥ እንደምትሄድ ጠዋት ታብሌቱን ከፍታ የምታይ ባለሙያ ቀኗን ታተርፋለች።

ጥቅሙ የሚገኘው ግን ወረቀቱ ሲቆም ነው። በየቦታው የሚታየው ችግር ታብሌቱ መጥቶ ወረቀቱ አለመሄዱ ነው። ባለሙያዋ አንዲትን እናት አንዴ በታብሌት፣ አንዴ በማኅደር፣ አንዴ በመዝገብ ትጽፋታለች፤ በወሩ መጨረሻም ጤና ጣቢያው ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ አገር አቀፍ ሪፖርት ወደሚገባበት ዲኤችአይኤስ-2 የሚያስተላልፈውን ቁጥር ከወረቀቱ ትደምራለች። እንዲህ ከሆነ ታብሌቱ አራተኛ መዝገብ ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ ታብሌት ከመግዛት በፊት ለወረዳው የሚቀርበው ጥያቄ ‹ወረቀቱ በየትኛው ወር ይቆማል? በማንስ ፊርማ?› የሚል ነው። መልሱ በጽሑፍ ካልተገኘ ገንዘቡ ለሌላ ይዋል።

ወረዳው ሌላ ፕሮግራም እንዲገዛ ከተጠየቀ ደግሞ ሁለት ነገሮችን ይፈትን። አንደኛው የዘመን አቆጣጠሩ ነው። እኛ የመውለጃ ቀን ስንቆጥር የመጨረሻ ወር አበባ በታየበት ቀን ላይ ዘጠኝ ወር ከአሥር ቀን እንጨምራለን፤ መካከል ላይ ጳጉሜን ካለፈች አሥሩ ቀን አምስት (ጳጉሜን ስድስት ቀን ስትሆን አራት) ይሆናል። ጥቅምት 1 የታየ ከሆነ ሐምሌ 11፣ ሐምሌ 1 የታየ ከሆነ ደግሞ ሚያዝያ 6 ማለት ነው። ባለሙያዋ ይህን በአእምሮዋ ታሰላዋለች። ፕሮግራሙ በፈረንጅ ቀን ብቻ የሚቆጥር ከሆነ በየቀኑ ስትቀይር ትውላለች፤ ‹9፡00› የተባለ ቀጠሮም ለእናቲቱ ከቀኑ 9 ሰዓት ይመስላታል። ሁለተኛው ስም ነው። ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ክርስትና እስኪነሡ ድረስ መጠሪያቸው ያልረጋላቸው ሕፃናት አሉ፤ የመጀመሪያዎቹ ክትባቶች የሚሰጡት ደግሞ በዚያው ጊዜ ውስጥ ነው። ፕሮግራሙ ሕፃኑን በእናቱ ስም መዝግቦ በኋላ ስሙን መቀየር የማይፈቅድ ከሆነ አንድ ልጅ ሁለት ሆኖ ይቆጠራል፣ ወይም ክትባቱ ያልተሟላ መስሎ ይቀራል።

የምርመራና የማቀዝቀዣ መሣሪያዎች

ከነዚህ ውስጥ ለኬላ መጀመሪያ የምመክረው የደም ግፊት መለኪያ ነው፤ በተለይ እንደ ስልክ ቻርጅ የሚደረግና ውጤቱን በአረንጓዴ፣ በቢጫና በቀይ መብራት የሚያሳየው ዓይነት። የነፍሰ ጡር ግፊት 140/90 ሲደርስ ጉዳዩ ለነገ የማይባል መሆኑን ቀለሙ ለእናቲቱም ለባሏም ይነግራቸዋል፤ እንግዲህ ይህ መሣሪያ የመጀመሪያውንም መዘግየት ያሳጥራል ማለት ነው። ቀይ መብራት ያየ ባል ‹እስኪ ትንሽ እንየው› ለማለት ይቸግረዋል።

የሕፃናትን የደም ኦክስጅን በጣት የሚለካው መሣሪያም ጠቃሚ ነው፤ ነገር ግን ከፍታ ይታሰብ። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ለሕፃን ኦክስጅን እንዲሰጥ የሚለው ንባቡ ከ90 በመቶ በታች ሲሆን ነው፤ ከ2,500 ሜትር በላይ በሚኖሩት ላይ ግን 87 በመቶና ከዚያ በታች ሲሆን ነው። በጮቄ ተራራ ወገብ ላይ ባሉት የስናን ቀበሌዎችና በአባይ በረሃ ባሉት ቀበሌዎች አንድ ዓይነት ቁጥር ለጥፎ መሥራት አይገባም። ይህ ሥልጠናው ላይ ካልተነገረ መሣሪያው ጤነኛውን የደጋ ልጅ ሪፈር ሊያስብለው ይችላል።

ለክትባት ማቀዝቀዣ ምርጫው ግልጽ ነው። ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቆየት አለበት፤ በባትሪ የሚሠሩት የፀሐይ ማቀዝቀዣዎች ባትሪው በጥቂት ዓመት ሲሞት አብረው ይሞታሉ። ባትሪ የሌለው፣ ቀን በፀሐይ በረዶ ሠርቶ ሌሊቱን በዚያ በረዶ የሚያድረው ዓይነት ይገዛ። በእጅ የሚያዝ አልትራሳውንድ ግን ለኬላ ሳይሆን ለጤና ጣቢያ ነው፤ መንትያን፣ የተገለበጠ ሽልንና የእንግዴ ልጅ አቀማመጥን አስቀድሞ ለማወቅ እጅግ ይረዳል፤ የሚረዳው ግን የሠለጠነች አዋላጅ ነርስ በቦታው እስካለች ድረስ ብቻ ነው።

ሐኪምን በርቀት ማማከር

ጤና ጣቢያው ከደብረ ማርቆስ፣ ከፍኖተ ሰላም ወይም ከባሕር ዳር ሆስፒታል ሐኪም ጋር የሚመካከርበት መንገድ ሦስተኛውን መዘግየት ያሳጥራል፤ ያለ ምክንያት የሚደረገውንም ሪፈር ይቀንሳል። ባለሙያዎች በራሳቸው ተነሣሽነት በቴሌግራም ፎቶ እየተላላኩ ይመካከራሉ፤ ጥረታቸው ይመሰገናል። ይሁንና የታካሚው ፊትና ስም ያለበት ፎቶ በሃምሳ ሰው ቡድን ውስጥ መዞሩ ከሙያ ሥነ ምግባርም ሆነ በ2016 ዓ.ም. ከወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ጋር አይሄድም። ወረዳው ይህን አማራጭ ከመረጠ ውድ የቪዲዮ መሣሪያ ከመግዛቱ በፊት ከሆስፒታሉ ጋር አንድ ነገር ይስማማ፦ በየዕለቱ ጥሪ የሚያነሣ ተረኛ ሐኪም ማን እንደሆነ። መልስ የሚሰጥ ሰው ከተገኘ ተራ የስልክ ጥሪ አብዛኛውን ጉዳይ ይፈታል። ካሜራ የማይፈታው ነገር መኖሩም አይረሳ። በደብረ ኤልያስና በደምበጫ ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር በመሄድ የሚመጣውን የእግር ዝሆኔ የሚከለክሉት ጫማ፣ ውኃና ሳሙና ናቸው።

ስለ ድሮን ብዙ ጊዜ እጠየቃለሁ። ሩዋንዳ ከ2009 ዓ.ም. መባቻ ጀምሮ ደም በድሮን ታደርሳለች፤ ይህ ግን በአገር ደረጃ የሚወሰን እንጂ በወረዳ በጀት ወይም በተወላጆች መዋጮ የሚጀመር አይደለም።

ለየትኛው ቀበሌ የትኛው?

ከደጀን በደብረ ማርቆስ፣ በደምበጫና በፍኖተ ሰላም አድርጎ ወደ ቡሬ በሚያልፈው አስፋልት ዳር ላሉ ቀበሌዎች መንገድም ኔትወርክም ስላላቸው፣ የጥሪው ደብተር ከተጀመረ በኋላ ታብሌትና የድምፅ መልእክት አብረው ሊሄዱ ይችላሉ። በጮቄ ዙሪያ ላሉ የደጋ ቀበሌዎች፣ ጭቃው መኪናን በክረምት ስለሚያስቀር፣ የእናቶች ማቆያና የደም ግፊት መለኪያ ከታብሌት ይቀድማሉ፤ ማቆያው ውስጥ ገንፎ የሚሠራበት እህልና ማገዶ መኖሩ ራሱ እናቲቱ እንድትቆይ ከሚያደርጉ ነገሮች አንዱ ነው። ወደ አባይ ለሚወርዱት የቆላ ቀበሌዎች ሁለቱ አስቸኳይ ነገሮች የጥሪ ሰንሰለቱና ባትሪ አልባው ማቀዝቀዣ ናቸው፤ በወባ ወቅትም ጥሪው የመመርመሪያና የመድኃኒት ማለቅን ለጤና ጣቢያው ለማሳወቅ ያገለግላል።

ገንዘቡ ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ከሆነ፣ በሦስቱም አካባቢ ምርጫዬ የተደራጀው ጥሪ ነው። ለተወላጆች ማኅበራት የምጨምረው ምክር ቢኖር፣ ከሚያዋጡት ውስጥ ለዕቃ መግዣ የሚውለው ከግማሽ እንዳይበልጥ፣ ቀሪው ለሦስት ዓመት የካርድ፣ የቻርጀር፣ የጥገናና የሥልጠና ወጪ እንዲያዝ ነው። ከወረዳው ጋር በሚፈረመው ስምምነት ላይም ሦስት ነገሮች ይግቡ፦ ሲም ካርዶቹ በጽሕፈት ቤቱ ስም እንዲመዘገቡ፣ ባለሙያዋ ስትዛወር ስልኩ ኬላው ውስጥ እንዲቀር፣ የተበላሸ ዕቃ በስንት ቀን ውስጥ በማን እንደሚጠገን። የጥሪ ደብተሩም በየሦስት ወሩ በቀበሌው ስብሰባ ላይ፣ የእድር ዳኛውና የወሳንሳ ተረኞቹ ባሉበት ይነበብ።